የመኪና ቤት

በሕግ ቋንቋ ቤት የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው፤ መኪና ደግሞ ተንቀሳቃሽ። ይህን የደነገጉት ሰዎች ብልሆች መሆናቸውን አልጠራጠርም። ግን የአዳማ ነፋስ ሲነሣ የጎረቤት ቆርቆሮ ሦስት ግቢ አቋርጦ ሲሄድ ያዩ አይመስለኝም። መለዋወጫ የጠፋለት መኪና ደጃፍ ላይ ቆሞ ዶሮ እንቁላል ስትታቀፍበትም አላዩም። በእኛ በኩል የቱ እንደሚንቀሳቀስና የቱ እንደማይንቀሳቀስ የሚወስነው ዕድል ነው።

«የቤት መኪና አለው» ሲባልም ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ታክሲ ያልሆነች፣ ጭነት የማትነካ፣ እሑድ እሑድ የምትታጠብ፣ ለጎረቤት ሠርግ ሙሽራ የምታጅብ ናት። እኔም ነበረችኝ። እሷን ሸጬ፣ ከጡረታዬ ላይ ጨምሬ የገዛሁት ነገር ግን ስም አልተገኘለትም። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ የዕቃ ማጠቢያ አለው፤ መሪና ፍሬንም አለው። የቤት መኪና እንዳልለው ስሙ ተይዟል። ስለዚህ ገለበጥኩትና «የመኪና ቤት» አልኩት። ሰፈሩ ግን «የምንዳዬ ዕብደት» ይለዋል። ምንዳዬ እኔ ነኝ። የጸናውም የእነሱ ስም ነው።

ዕብደቱ ከየት እንደመጣ ላውጋችሁ።

የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ በትራንዚተርነት ነው። ትራንዚተር ማለት ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ጉምሩክ ጨርሶ ባለቤቱ እጅ እስኪገባ ድረስ ከወረቀቱ ጋር የሚሮጥ ሰው ነው። ስሙን ስትሰሙት ብዙ የሚጓዝ ይመስላል። የሚጓዘው ዕቃው ነው። እኔ ጠዋት ከአዳማ ሞጆ፣ ማታ ከሞጆ አዳማ። ስንቱን ባሕር አቋርጦ የመጣ ኮንቴይነር ፊቴ መጥቶ ዘፍ ሲል፣ ብረት መሆኑን እያወቅሁ እቀናበት ነበር። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ለባለቤቴ ለጽጌ፣ እንግዲህ አገር እናያለን፣ መጀመሪያ ሻሸመኔ እህትሽ ዘንድ እንሄዳለን አልኳት። ሰሃኑን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

የዝምታዋን ምክንያት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ቢሆን በግማሽ። ጽጌ ስኳር አለባት። በሽታው ቤቱ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ውሃ ያስጠማል፣ የጠጡት ውሃ ደግሞ አያስቀምጥም። ቤት ውስጥ ቀላል ነው። አውቶቡስ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። ወንዱ ሲጨንቀው አስቁሞ ወርዶ፣ ለዓለም ጀርባውን ሰጥቶ ይመለሳል፤ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ሴቷስ? በስምጥ ሸለቆው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ግራር ነው፤ ግራር ደግሞ ጥላው እንኳ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። ጽጌ ከዓመታት በፊት ከሻሸመኔ ስትመለስ ሾፌሩን እንዲያቆምላት ለመነችው። እሱም ጥቂት ታገሺ አላት። ከዚያ በኋላ የሆነውን እስከ ዛሬ በቅጡ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋት። ያን ቀን ቤት ገብታ ልብሷን አጠበች፤ ከዚያ ወዲህ ከከተማ ወጥታ አታውቅም።

የራስህ መኪና አልነበረችህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረችኝ። የፈለግንበት ትቆማለች፤ ቆማ ግን ምን ልትፈይድላት? ሜዳው ያው ሜዳ ነው።

የሻሸመኔዋ እህቷ አስካለ ትባላለች፤ የጽጌ ታላቅ ናት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ጽጌን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። የአስካለ ባል ያረፈ ጊዜ ጽጌ ለቅሶ አልሄደችም። በአገራችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። እኔ ብቻዬን ሄጄ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ ሚስቴ አሟት ነው እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አስረዳሁ። ሰዉ አንገቱን ነቀነቀልኝ፤ ከጀርባዬ ግን «ኮራች» አለ። ጽጌም ሰማች። በኩራት መታማት ይሻለኛል ብላ ተወችው። አስካለ ግን ተቀየመች። ስልክ አልዘጋችባትም፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራሉ። በመሐላቸው ግን አንድ ነገር ተጋርዷል።

ከዕለታት አንድ ቀን አዳማ አንድ ሆቴል ለሠርግ ተጠራን። ግቢው ውስጥ እንደ ጭነት መኪና ግዙፍ የሆነ፣ መስኮቱ መጋረጃ ያለው መኪና ቆሟል። ባለቤቶቹ ሸምገል ያሉ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት ናቸው፤ ወደ ኬንያ እያለፉ ነው አሉ። ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ሴትየዋ ግቡ ብላ በእጇ ጋበዘችን። እኔ አልጋውን አየሁ፣ ምድጃውን አደነቅሁ። ጽጌ ጥግ ያለችውን ጠባብ በር ከፈተች። ገባች። ዘጋችው። ቆየች። ስትወጣ ፈረንጇን ሁለት ጉንጯን ሳመቻት፤ ሴትየዋ ምን እንዳደረገችላት ሳይገባት እሷም ሳመቻት። ቤት ስንገባ ጽጌ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠችና፣

«ምንዳዬ፣ እንደዚያ ያለ ነገር አዳማ ይሠራል?» አለችኝ።

ከዓመታት በኋላ ሂድ ሳይሆን እንሂድ የሚል ነገር ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። አይሠራም ልበላት?

መኪናውን መምረጡ እንደ ልጃገረድ ማጨት ነው፤ ሁሉም አማካሪ ነው። ደላላው መጀመሪያ ያመጣው ሚኒባስ ነበር። ጽጌ ገብታ ቀና ስትል ጣሪያው አናቷን መታት። ጎንበስ ብሎ መሄድ ሰልችቶኛል ብላ ወረደች። ሁለተኛው ሥራ የለቀቀ አምቡላንስ ነው። አልጋው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ርካሽም ነው። ጎረቤታችን ገመቹ አብሮን ነበርና፣ በዚህ ስንሄድ ያየን ሁሉ «ነፍስ ይማር» ሊለን ነው አለ። እሱም ቀረ። ሦስተኛው ቅጥቅጥ ነው። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ እዚሁ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተሠራ አውቶቡስ ማለቴ ነው። ስሙ የመጣው ከመዶሻው ነው ይባላል፤ የተሳፈረበት ሰው ግን ከወገቡ የመጣ ይመስለዋል። ይኼኛው ሙሉ ዕድሜውን ከአዳማ ወንጂ ሲመላለስ የኖረ ነው። ስኳር ላለባት ሴት ከስኳር አገር ያረጀ መኪና! ጽጌን ፈራሁ። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆመችበት፣ ከዳር እስከ ዳር ተራመደችበት፣ ሳቀችም። ተገዛ።

መንጃ ፈቃዴ ከትንሽ መኪና አያልፍም። እዚህ ላይ ገመቹ ይመጣል። ገመቹ የጅቡቲን መስመር በተሳቢ ሲመላለስ ያረጀ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች፣ ልጆቹም ከወጡ ወዲህ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ሞተር በድምፁ እየለየ ይውል ነበር። እኔ ልነዳላችሁ ሲለን ውለታ የዋለልን መስሎኝ አመሰገንኩት። በኋላ ሲገባኝ ግን፣ አመስጋኙ እሱ ነበር። ጽጌ «ኦቦ ገመቹ» ትለዋለች፣ አንቱ እያለች። እሱ «እትዬ ጽጌ» ይላታል። እኔን ሁለቱም አንተ ይሉኛል።

ወንበሩ ተነቀለ። አናጺው አልጋ ሠራ፣ በያጁ የውሃ በርሜል ጣሪያው ላይ አሰረ፣ ቡታጋዝ ገባ። ሁሉም ባለሙያ ግን የየራሱን ቤት ሊሠራልኝ ይፈልጋል፤ አናጺው የቡፌ ቦታ ይፈልግልኛል፣ በያጁ ጣሪያው ላይ ሰገነት ያምረዋል። ጽጌ በሁሉም ዝም አለች። የሽንት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ብቻ መጥታ ቆመች። ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ አለች። ብረት፣ ወፍራም። በያጁ ይህን የሚያህል ለባንክ በር ነው ብሎ ሊቀልድ ሞከረ፤ ፊቷን ሲያይ ግን በየደው።

ሥራው ሲያልቅ ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ። በዕድሜ የገፉት እማማ በደረጃው ተደግፈው ወጡና «ቤት ለእንቦሳ» አሉ። ጽጌም ሳታመነታ «እንቦሳ እሰሩ» ብላ መለሰች። ከመኪናው የፊት መከላከያ ብረት በቀር እንቦሳ የሚታሰርበት ባይኖርም፣ በዚያች ቅጽበት ነገሩ ቤት ሆነ። ሲወርዱ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉም ነበሩ። እነሱንም አልቀየምኳቸው፤ ችግሩን አያውቁትማ።

በጠዋት ወደ ሻሸመኔ ወጣን። ገመቹ ፈጣኑን መንገድ ትቶ አሮጌውን ያዘ፤ እትዬ ጽጌ ከተማ ከተማውን ትይ ብሎ ነው። ያላሰብነው ነገር ቅጥቅጡ ውስጡ ቤት ቢሆንም ውጩ ያው ቅጥቅጥ መሆኑን ነው። ከሞጆ ጀምሮ እጁን የማያነሣልን ሰው አልነበረም። መቂ ላይ ቲማቲም ልንገዛ ስንቆም አንድ ጎልማሳ በሩን ከፍቶ ገባ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ግራና ቀኝ አየና፣ ወንበሩን ምን አደረጋችሁት አለ። ነገሩን አስረዳነው። ይቅርታ ጠይቆ ሊነሣ ሲል ጽጌ መንገድህ ወዴት ነው ብላ ጠየቀችው፤ ባቱ አለ። እንግዳ ከቤት አይባረርም አለችና ሻይ አፈላችለት። ባቱ ሲወርድ መርቆን ወረደ። ጽጌ ከመቂ እስከ ባቱ ሁለት ጊዜ ጠባቧን በር ከፍታ ገብታ ወጥታለች። ማንም ልብ አላለም። እሷ ግን ስትወጣ ሁሉ እንደ ሕፃን ፈገግ ትል ነበር።

ቡልቡላን አለፍ እንዳልን መንገዱ ተዘጋ። አንድ የጭነት መኪና መንገዱን አጋድሞ ተገልብጧል፤ በሰው ላይ የደረሰ ነገር የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን የሚያልፍ የለም። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። አብያታ ሐይቅ በሩቁ እንደ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ከፊታችን ሰው የጠቀጠቀ አውቶቡስ ቆሟል። ወንዶቹ ወርደው ወደ ግራሩ ተበታተኑ። ሴቶቹ ከአውቶቡሱ ጥላ ሥር ተደርድረው ቆሙ፤ አንዷ ሌላዋን ታያለች፣ ሜዳውን ታያለች፣ መልሳ እግሯን ታያለች።

ጽጌ በመስኮት ስታያቸው ቆየች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወረደች። ያቺ ከእኔ ጋር እንኳ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ተናግራ የማታውቅ ሴት፣ ወደ መጀመሪያዋ ሴት ጠጋ ብላ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አንሾካሾከች። ሴትየዋ ቀና ብላ ቅጥቅጡን አየችው። አላመነችም። ጽጌ እጇን ይዛ አመጣቻት። ከዚያ በኋላ ሰልፍ ሆነ። ገመቹ ሳይነገረው ወርዶ ራቅ አለ፤ እኔንም በክንዴ ይዞ ወሰደኝ። በሕይወቴ ብዙ ሰልፍ አይቻለሁ፤ የስኳር ሰልፍ፣ የነዳጅ ሰልፍ፣ የጉምሩክ ሰልፍ። እንደዚያ ያለ ትሑትና ምስጋና የሞላበት ሰልፍ ግን አላየሁም።

ወደ መጨረሻው አንዲት ልጅ እናቷን ደግፋ መጣች። ሴትየዋ አዴ ጀሚላ ይባላሉ፤ አርሲ ነገሌ ቤታቸው ነው፣ ከሕክምና እየተመለሱ ነው። ላብ ፊታቸውን አጥቦታል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የሚሉት አይያያዝም። ልጃቸው ረህመት ሙቀቱ ነው ትላለች። ጽጌ ግን እጃቸውን ያዘች፣ ዓይናቸውን አየችና ስኳር አለባቸው ወይ አለቻት። አዎ። መድኃኒታቸውን ዛሬ ወስደዋል? አዎ። ቁርስስ?

ረህመት አንገቷን ደፋች። «መኪና ላይ ስትሆን አትበላም፤ ውሃም አትጠጣም» አለች። «እንዳያስቸግራት ብላ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ጽጌ።

ስኳር የወረደበት ሰው እንዴት እንደሚሆን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስንት ቀን በራሷ ደርሷል። ውሃ ላይ ስኳር በጥብጣ፣ አዴን ቀና አድርጋ ይዛ ፉት ፉት አስባለቻቸው። አልጋው ላይ አጋደመቻቸው። እኛ ውጭ ቆመናል። ገመቹ ኮፍያውን አውልቆ በኦሮምኛ የሚጸልይ ይመስለኛል፤ እኔ አልጋውን ብቻ በበሩ አሻግሬ አያለሁ። ቆይተው አዴ ዓይናቸውን ገለጡና ጽጌን አዩዋት። የት ነኝ ብለው ጠየቁ። ጽጌ በኦሮምኛ «ቤቴ ነዎት» አለቻቸው። ዳቦ በላች፣ ማለቴ አበላቻቸው፤ በደስታዋ እሷም አብራ ቆረሰች። አዴ ውሃ ሲሰጧቸው ብርጭቆውን ያዙና ወደ ልጃቸው ተመለከቱ። ያን ጊዜ ጽጌ ጠባቧን በር ከፍታ አሳየቻቸው። ብርጭቆውን እስከ ጫፉ ጠጡት።

መንገዱ ሲከፈት ጽጌ እኚህን ሴት ወደዚያ አውቶቡስ አልመልሳቸውም አለች። ነገሌ ድረስ ይዘናቸው ሄድን። በር ላይ አውርደናቸው ልንሄድ ነበር ሐሳባችን፤ አንድም ሰው አልሰማንም። የአዴ ባል ቅጥቅጡን ዞር ዞር ብለው አዩትና ዛሬ እዚህ ታድራላችሁ አሉ። አልጋ ይዘናል ብዬ ብነግራቸው ተቀየሙ። ቤት እያለ መኪና ውስጥ የሚያድር ወይ የተጣላ ነው፣ ወይ የተሰደደ። ገመቹ በኦሮምኛ ሊያስረዳ ሞክሮ፣ ሲመለስ ራሱ ወተት ይዞ ነበር። በማግሥቱ ሽማግሌው ቆመው መረቁን፣ አዴ ጀሚላ ጽጌን አንገቷን አቅፈው «ገለቶሚ» አሏት፤ አመሰግንሻለሁ ማለታቸው ነው። እሷም ተመሳሳዩን መለሰችላቸው። ማን ማንን እያመሰገነ እንደሆነ ግራ እስኪያጋባ ድረስ ቆዩ።

ሻሸመኔ አስካለ በር ላይ ወንበር አውጥታ ትጠብቀናለች። ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል፤ ጥላ ጥላውን ነው የምታየው። ጽጌ ከቅጥቅጡ ስትወርድ በእግሯ ኮቴ ለየቻት። አልተነሣችም። ጉንጯን ሰጥታ ተሳመች፤ «እንግዲህ መጣሽ» አለች። ከድንጋይ የከበደ ሰላምታ ነበር። እኔና ገመቹ ዕቃ የምናወርድ መስለን ወደ ኋላ ቀረን።

ጽጌ አልተቀመጠችም። አስኩ ነዪ አለቻት፤ እጇን ይዛ ደረጃውን አወጣቻት፣ በአልጋው በምድጃው አሳልፋ ጠባቧ በር ጋ አቆመቻት። ከዚያ በሩን ከፈተችና ሽንት ቤት ነው ብላ የእህቷን ጣቶች አንድ በአንድ በውስጥ በኩል ባለው መቀርቀሪያ ላይ አስቀመጠች። አስካለ ብረቱን ዳሰሰች። ሳበችው፤ ተዘጋ። መለሰችው፤ ተከፈተ። ለምን እንዳሳየቻት ሲገባት ፊቷ ሲለወጥ ከበሩ ሆኜ አየሁ።

«የቀረሁት ለዚህ ነበር» አለች ጽጌ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?»

አስካለ እጇን ከመቀርቀሪያው አነሣች። ከዚያ «አንቺ ልጅ» አለች፣ «ጀርባዬ ላይ ታዝለሽ ስንቴ አርጥበሽኛል። ከእኔ ታፍሪያለሽ?» ጽጌ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ። ያልተለቀሰው ለቅሶ እዚያው፣ ቅጥቅጥ ውስጥ ተለቀሰ። ገመቹ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ኮፈኑን ከፍቶ ገባበት።

እዚያም መኪናው ውስጥ አላደርንም፤ አስካለ በምን ወግ ልትፈቅድልን። ከዚያ ወዲህ ደጋግመን ወጥተናል፤ አሰላ፣ ዶዶላ፣ መተሃራ። አንባቢዎች ሆይ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለማደሪያ ብዬ የሠራሁት አልጋ ላይ እስካሁን አድሬ አላውቅም። ባለንበት ከተማ ሁሉ የማያውቀን ሰው ሰምቶ ይመጣና ከቤታችን ያስወጣናል። በዚህ አገር መንገደኛ ሊሸሸግ የማይችለው ከሽፍታ ሳይሆን ከእንግዳ ተቀባይ ነው። ቅሬታ አይደለም። ቅሬታ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ደስ እያለኝ አላወራችሁም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከአስካለ ጋር ላንጋኖ ወረድን። ሁለቱ እህትማማቾች እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ተቀመጡ። አስካለ ሐይቁ ምን ይመስላል ብላ ጠየቀች። ጽጌ አሰበችና ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል አለቻት። ስኳርስ አለው አለች አስካለ፤ የለውም ተባለች። ከምሳ በኋላ ነፋሱ ሲለሰልስ ሁለቱም ወደ ቅጥቅጡ ገቡ፣ በሩን ሳይዘጉ አልጋው ላይ ጎን ለጎን ጋደም አሉ፤ ሲያወሩ ቆይተው ድምፃቸው ጠፋ። እኔ የቤቱ ጌታ ውጭ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ።

ገመቹ ፀሐይዋን አየና፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ እንቀስቅሳቸው ወይ አለኝ።

ወደ ውስጥ አየሁ። አስካለ በእንቅልፏ የጽጌን ትከሻ በመዳፏ መታ መታ ታደርጋለች፤ ልጅ እንደሚያስተኙ።

«ተዋቸው» አልኩት። እሱም ሌላ ወንበር ወደ ጥላው ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠ።